የ1381 የእንግሊዝ ገበሬዎች ዐመፅ ምንድን ነው?

የገበሬዎች ዐመፅ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1381 የደቡብና የምሥራቅ እንግሊዝ ሕዝብ በንጉሥ ሪቻርድ ሁለተኛ መንግሥት ላይ የተነሣበት ነው። ስሙ በመጠኑ ያሳስታል፤ አንጥረኛውም፣ ቄሱም፣ የመንደር ሹሙም ነበሩበት። የመሪው የዋት ታይለር ስም ራሱ የጣሪያ ሠሪ መጠሪያ ነው።

መነሻው ረሃብ ቢሆን ነገሩን ለመረዳት ይቀልል ነበር። ሆኖም ዐመፁ የፈነዳው የድሃው ኑሮ ሻል ማለት በጀመረበት ዘመን ነው። በ1348 የገባው ወረርሽኝ ከሕዝቡ ሲሶውን፣ ምናልባትም ግማሽ ያህሉን ጨረሰ። አራሽ ያጣው ባለርስት የተረፈውን ሰው ደመወዝ እየጨመረ ይለማመጠው ጀመር። በ1351 ፓርላማው ደመወዝ ከወረርሽኙ በፊት ከነበረበት እንዳያልፍ ደነገገ። በዚያ ላይ ብዙው ገበሬ ቪለን ነበር፦ ያለ ጌታው ፈቃድ ከርስቱ የማይወጣ፣ ልጁን ሲድር ለጌታው የሚከፍል፣ የጌታውን ማሳ በነጻ የሚያርስ። ጭሰኛ ብለን ብንተረጉመው ቀንበሩን ማቅለል ይሆናል።

ክብሪቱን የጫረው ግብር ነው። ከፈረንሳይ ጋር የተያዘው ጦርነት ካዝናውን ስላራቆተ በ1377 የነፍስ ወከፍ ግብር ተጣለ፤ 4 ፔንስ። በ1380 መጨረሻ ከ15 ዓመት በላይ በሆነ ሰው ሁሉ ላይ 12 ፔንስ ሆነ። ሕዝቡ ከመዝገብ ጠፋ፤ ከ1,350,000 በላይ የነበረው ግብር ከፋይ በአራት ዓመት ውስጥ ከ900,000 በታች ወረደ። መንግሥት የጎደለውን የሚያጣሩ ሹሞች ላከ። ሜይ 30 ቀን ኤሴክስ ውስጥ፣ ብሬንትዉድ ላይ፣ የፎቢንግ መንደር ሰዎች አንከፍልም ብለው ሹሙን አባረሩት።

ዐመፀኞቹ በየመንደሩ መጀመሪያ የሚፈልጉት ብራና ነበር። ማን የማን ቪለን እንደሆነ የሚጻፈው በባለርስቱ የችሎት መዝገብ ላይ ስለሆነ፣ መዝገቡ ከተቃጠለ ባርነቱም አብሮ የሚቃጠል መሰላቸው። በሴንት ኦልባንስ ደግሞ ቂሙ የወፍጮ ነበር። ሕዝቡ በገዳሙ ወፍጮ ከፍሎ እንዲያስፈጭ፣ ከዓመታት በፊት አንድ አበምኔት የእጅ ወፍጮዎችን ቀምቶ ድንጋዮቹን የእንግዳ መቀበያው ወለል አድርጓቸዋል። በ1381 ሰዎቹ ወለሉን ቆፍረው ድንጋዮቹን አወጡ፤ ሰባበሯቸውና ከቅዳሴ በኋላ እንደሚታደል የተባረከ ዳቦ ተከፋፈሏቸው።

ጁን 13 ለንደን ገቡ። የንጉሡን አጎት የጆን ኦፍ ጎንትን የሳቮይ ቤተ መንግሥት አቃጠሉ። በማግስቱ የ14 ዓመቱ ንጉሥ ማይል ኤንድ ላይ አግኝቷቸው ቪለንነት ቀርቷል አለ፤ ጸሐፊዎቹም የነጻነት ደብዳቤ ሲጽፉ ዋሉ። በዚያው ቀን ሊቀ ጳጳሱና የግምጃ ቤቱ ሹም ከለንደን ግንብ ተጎትተው አንገታቸው ተቀላ፤ ምንም ያልበደሉ የፍላንደርስ ስደተኞችም በየመንገዱ ታረዱ። ዐመፁን የነጻነት ተጋድሎ ብቻ አድርገው የሚተርኩ ይህችን ገጽ ዘለል ያደርጓታል።

ጁን 15 ስሚዝፊልድ ላይ የለንደን ከንቲባ ዊልያም ዋልዎርዝ ታይለርን በሰይፍ መታው፤ ታይለርም ሞተ። ንጉሡ «መሪያችሁ እኔ ነኝ» ብሎ ሕዝቡን በተነ። ጁላይ 2 ደብዳቤዎቹን ሁሉ ሻረ። ከዐመፁ መሪዎች አንዱ የነበረው ሰባኪው ጆን ቦልም በዚያው ወር ተሰቀለ።

ያም ሆኖ ፓርላማው ያን መሰል የነፍስ ወከፍ ግብር ለረጅም ዘመን ደግሞ አልሞከረውም። ቪለንነትን በዐዋጅ የሻረው የለም፤ የሠራተኛ እጥረቱ ስላልተቃለለ ባለርስቱ መሬቱን በኪራይ መስጠት ተሻለውና ቀስ በቀስ ከሰመ። ከዚያ በኋላ ብዙው ገበሬ መሬቱን የያዘው ኮፒሆልድ በሚባል ሥርዓት ነው። ማስረጃው ከዚያው ከባለርስቱ የችሎት መዝገብ የተገለበጠ ቅጂ ነበር፤ አያቶቹ ያቃጠሉትን መዝገብ የልጅ ልጆቹ ገልብጠው በሣጥን ቆለፉበት።