አንዴ አውርዶ ለሁሉም ማዳረስ፦ ነጻ የአይቲ ሶፍትዌሮች በባሕር ዳር

ባሕር ዳር ውስጥ ባንኩም፣ ሆስፒታሉም፣ ጣና ዳር ያሉት ሆቴሎችም ሥራቸው ኔትወርክ ላይ ነው። ኔትወርኩ ሲቆም ባለጉዳይ «ሲስተም የለም» ተብሎ ይመለሳል። ይህ እንዳይሆን ከጀርባ የሚደክሙት የአይቲ ባለሙያዎች ናቸው። ለሶፍትዌር የተያዘ በጀት ብዙ ጊዜ የለም። ቢኖርም በዶላር መክፈሉ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ስለዚህ ነጻ ሶፍትዌር ለእነዚህ ሰዎች ዋና መተማመኛ ነው።

ነጻ ስል ክራክ የተደረገውን፣ ማለትም የክፍያ ቁልፉ ተሰብሮ ያለ ፈቃድ የሚሰራጨውን ማለቴ አይደለም። ክራክ ማን እንደነካካው አይታወቅም፤ አፕዴትም በወጉ አያገኝም። ትክክለኛው ነጻ ሶፍትዌርም ቢሆን ሁለት ዓይነት ነው። እንደ ዛቢክስ (ሰርቨርና ኔትወርክ የሚከታተል) እና ክሎንዚላ (ሙሉ ዲስክ የሚቀዳ) ያሉት ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት ነው፤ መሥሪያ ቤትም ያለ ክፍያ ይጠቀምባቸዋል። ኮምፒውተርን ከሩቅ እንደሚያዘው ቲምቪወር ያሉት ደግሞ ነጻ የሚሆኑት ለግል ሥራ ብቻ ነው። ቢሮ ውስጥ በነጻ መጠቀም ከላይሰንሱ (ከአጠቃቀም ፈቃዱ) ውጭ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ይህን ሳያውቅ ይጭናቸዋል።

እዚህ ከተማ ትልቁ ጥያቄ ሌላ ነው፦ እንዴት አንዴ አውርደን ለሁሉም እናዳርስ? ፔዳ (የቀድሞው የመምህራን ኮሌጅ) ወይም ፖሊ (የቀድሞው ፖሊቴክኒክ) ግቢ የተማረ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። ሁለቱ ተቋማት በ1992 ዓ.ም. ተዋህደው ነው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሆኑት። 40 ኮምፒውተር ያለበት አንድ ላብ አለ እንበል። 1 ጊጋባይት የሆነን አፕዴት እያንዳንዱ ማሽን ለየብቻው ካወረደው 40 ጊጋባይት ይሆናል። መስመሩ ይታፈናል፤ ተማሪው ኢሜይሉን እንኳ መክፈት ያቅተዋል።

ማይክሮሶፍት የደኅንነት አፕዴቱን የሚያወጣው በየፈረንጆቹ ወር በሁለተኛው ማክሰኞ ነው። በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ገደማ ይሆናል። ረቡዕ ጠዋት ሠራተኛው ኮምፒውተሩን ሲከፍት ሁሉም ማሽን በአንድ ጊዜ ማውረድ ይጀምራል። ለዚህ መፍትሔው ከዊንዶውስ ሰርቨር ጋር የሚመጣው ደብልዩ ኤስ ዩ ኤስ ነው። ሰርቨሩ አፕዴቱን አንዴ ያወርዳል፤ ሌሎቹ ከእሱ ይወስዳሉ። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 አዲስ ነገር እንደማይጨምርበት አስታውቋል፤ አገልግሎቱ ግን አልቆመም። ኡቡንቱና ዴቢያን ለሚባሉት የሊኑክስ (በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን ነጻ ሲስተም) ዓይነቶች አፕት ካቸር ኤንጂ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል።

ላብ ሙሉ ፎርማት ሲደረግ ክሎንዚላ ይመጣል። አንዱ ማሽን በሚገባ ይዘጋጃል፤ ቅጂው ይወሰድና በላቡ ኬብል በኩል ለቀሩት በአንድ ጊዜ ይላካል። ቬንቶይ ደግሞ በአንድ ፍላሽ ላይ ብዙ የመጫኛ ፋይሎችን ያስይዛል፤ የትኛው እንደሚጫን ሲነሣ ይመረጣል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ ቀድሞ ተጠራቅሞ በኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ የተቀመጠ ፋይል ዋጋው ከፍ ያለ ነው።

አዲስ ቨርዥን ሲወጣ ወዲያው ይጫን ወይስ ይቆይ? ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዓለምን ሲያምስ መድኃኒቱ፣ ማለትም ክፍተቱን የሚደፍነው የማይክሮሶፍት አፕዴት፣ ከወጣ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። የተጎዱት በዋናነት ያልጫኑት ናቸው። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. ሐምሌ 19 ቀን 2024 ክራውድስትራይክ ከተባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያ የወጣ አንድ የተበላሸ ፋይል 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ማሽኖችን ጥሏል። እኔ የምመክረው ሦስት አራት ማሽን ላይ ሞክሮ፣ ጥቂት ቀን አይቶ፣ ከዚያ ለሁሉም መልቀቅ ነው። የወር ደመወዝ የሚሠራበት የፋይናንስ ክፍል መጨረሻ ላይ ይሁን።

ለዕለት ተዕለት ፍተሻ ሲስኢንተርናልስ የተባለውን የዊንዶውስ መፈተሻ መሣሪያዎች ስብስብ የሚያህል የለም። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2006 ገዝቶት እስካሁን በነጻ ይሰጣል። በውስጡ ያለው አውቶራንስ ኮምፒውተሩ ሲነሣ አብሮ የሚነሣውን ሁሉ ያሳያል። ከፍላሽ የተጋባ ሾርትከት ቫይረስ ሲያስቸግር መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ነው። ዋየርሻርክና ኤንማፕ ኔትወርክ ላይ ምን እንደሚመላለስና ማን እንዳለ ያሳያሉ።

መብራት ደግሞ የራሱ ጉዳይ አለው። መብራት ሲጠፋ ዩፒኤሱ የሚይዘው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ነት የሚባለው ነጻ ሶፍትዌር ባትሪው ሊያልቅ ሲል ሰርቨሩን በሥርዓት ያጠፋዋል፤ ዳታቤዙም ይተርፋል። ዛቢክስ ሰርቨር ሲወድቅ በቴሌግራም መልእክት ይልካል። ኢንተርኔት ከሌለ ደግሞ ሲም ካርድ በገባበት ጂኤስኤም ሞደም ኤስኤምኤስ መላክ ይችላል። ለባሕር ዳር ሁለተኛውንም ማዘጋጀት ግድ ይላል።

ዘንድሮ ብዙ ቢሮ ያስጨነቀው ዊንዶውስ 10 ነው። መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ስለሚፈልግ አሮጌ ማሽኖች አይቀበሉትም። ለጽሕፈትና ለብራውዘር ብቻ የሚውሉት ላይ ሊኑክስ ሚንት ከነጻው የቢሮ ሶፍትዌር ከሊብሬኦፊስ ጋር ቢጫን ለዓመታት ያገለግላሉ። አማርኛውም አያስቸግርም፤ የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ፊደላትን የሚለዩበት የጋራ ኮድ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። የሚያስቸግሩት ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተጻፉ የድሮ ደብዳቤዎች ናቸው። ፎንቱ ከሌለ ዝብርቅርቅ ያለ ምልክት ብቻ ይታያል። ስለዚህ የድሮው ፎንት ያለበት አንድ ማሽን ሳይነካ ይቆይ። ደብዳቤዎቹ እዚያ ተከፍተው ወደ ፒዲኤፍ ይቀየሩ፤ ከዚያ ማሽኑ ይለወጣል።