«ግፊቴ ወርዷል፣ ኪኒኑን ትቼዋለሁ»፦ ስለ ደም ግፊት መድኃኒት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጅማ ላይ ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ከተሰበሰበ የግፊት ወሬ አይቀርም። አንዷ ነጭ ሽንኩርት ትመክራለች፣ ሌላዋ የሽፈራው ቅጠል። አንዱ ደግሞ «እኔ ካቆምኩት ቆየሁ፣ ምን ሆንኩ?» ይላል። ምክሩ ከፍቅር ነው የሚመጣው። ግን ሰው ይጎዳል።

ፋርማሲ ውስጥ ስለምሠራ እነዚህን አባባሎች በየቀኑ እሰማቸዋለሁ። በጣም የሚያሳስበኝ መድኃኒቱን ማቆም ብቻ አይደለም፤ ማቆሙን ከሐኪም መደበቅ ነው። ሐኪሙ ታካሚው እየዋጠ ነው ብሎ ያምናል። ሲለካው ግፊቱ አልወረደም። ስለዚህ መጠኑን ከፍ ያደርጋል ወይም ሌላ ኪኒን ይጨምራል። ያ ሰው ደንግጦ ሁሉንም በአንዴ መዋጥ ሲጀምር ግፊቱ ከልክ በላይ ወርዶ ያዞረዋል፣ ሊጥለውም ይችላል።

«ግፊቴ ወርዷል፣ ከእንግዲህ አያስፈልገኝም»

ከሁሉም የበዛው ይሄ ነው። ቁጥሩ የወረደው መድኃኒቱ ሥራውን እየሠራ ስለሆነ ነው። የግፊት ኪኒን እንደ ወባ መድኃኒት ኮርሱ ተጨርሶ የሚገላገሉት አይደለም። የሚሠራው እስከተወሰደ ድረስ ብቻ ነው።

ሰውን የሚያታልለው ሌላም ነገር አለ። አምሎዲፒን የሚባለው የግፊት ኪኒን ከሰውነት የሚወጣው ቀስ ብሎ ነው። ዛሬ ያቆመ ሰው ከሁለት ቀን በኋላ ቢለካ ቁጥሩ ብዙም ላይለወጥ ይችላል። «ይኸው፣ ያለ እሱም ደህና ነኝ» ይላል። ከዚያ በኋላ ሳይለካ ሳምንታት ያልፋሉ፤ ግፊቱም ድምፁን አጥፍቶ ይመለሳል። እንደ አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል ያሉት የግፊት ኪኒኖች ደግሞ በድንገት ከቆሙ ልብ ሊያስመቱ፣ ግፊቱን ሊያሻቅቡት፣ የልብ ሕመም ባለበት ሰው ላይ የደረት ውጋት ሊያመጡ ይችላሉ።

መጠኑ ፈጽሞ አይቀነስም ማለቴ አይደለም። ውፍረት የቀነሰ፣ ጨው የተወ፣ እንቅስቃሴ የጀመረ ሰው አነስተኛ መጠን ሊበቃው ይችላል። ግን ይህ የሚደረገው በሐኪም ነው፣ ቀስ እየተባለ፣ እየተለካ።

«ራሴን ካላመመኝ ግፊት የለብኝም»

ደም ግፊት ብዙውን ጊዜ ምንም ስሜት የለውም። 170 ላይ ሆኖ ሲሠራ የሚውል ሰው አለ። ልብን፣ ኩላሊትን፣ ዓይንን፣ አንጎልን የሚጎዳው በዚያ ዝምታ ነው። ራስ ምታት ሲነሳ ብቻ ኪኒን መዋጥም ጥቅም የለውም። መለካት ነው እንጂ በስሜት አይታወቅም። ከመለካታችሁ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና አትጠጡ፤ አምስት ደቂቃ ጀርባችሁን ደገፍ አድርጋችሁ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ከባጃጅ ወርዶ እያለከለኩ የተለካ ቁጥር አያስተማምንም።

«ስሙ ሌላ ነው፣ መድኃኒቱም ሌላ ነው»

ከሰርቦ የመጡ አንዲት እናት አንድ ቀን ፌስታላቸውን ባንኮኒው ላይ ዘረገፉት። ሁለት ዓይነት ኪኒን ነበር፤ አንዱ ላይ «ኖርቫስክ»፣ ሌላው ላይ «አምሎዲፒን» ተጽፏል። ሁለቱም ባለ 10 ሚሊግራም። «ልጄ፣ ሁለቱንም ጠዋት ጠዋት እውጣለሁ፣ አልዘለልኩም» አሉኝ። እግራቸው አብጦ የጫማው ማሰሪያ ሥጋቸው ውስጥ ገብቷል። ኖርቫስክ የንግድ ስም ነው፤ ውስጡ ያው አምሎዲፒን ነው። የቀኑ ከፍተኛ መጠን 10 ሚሊግራም ሆኖ ሳለ እሳቸው 20 ይወስዱ ነበር። የታዘዘላቸው አንድ ነበር፤ ሁለተኛውን ያመጡት ከሌላ ቦታ በሌላ ጊዜ ገዝተው ነው። ያን ዕለት ወደ ሐኪማቸው መልሰን ላክናቸው።

የኪኒኑ ቀለም ወይም እሽጉ ሲለወጥ ዝም ብላችሁ አትቀበሉ፣ ጠይቁ። ወደ ቀጠሮ ስትሄዱም ቤት ያለውን ኪኒን ሁሉ፣ የጎረቤት የሰጣችሁ ሳይቀር፣ ይዛችሁ ሂዱ። ከሰቃ ወይም ከደዶ የሚመጡ አባቶችና እናቶች ደግሞ መመሪያውን በአፋን ኦሮሞ እንዲነገራቸው ይጠይቁ። ባልገባው ቋንቋ ሰምቶ አንገቱን ነቅንቆ የሚወጣ ሰው ሳይ ሆዴ ይባባል።

«መድኃኒቱ ኩላሊት ይጨርሳል»

ኩላሊትን የሚጎዳው ቁጥጥር ያጣው ግፊት ነው። እንዲያውም እንደ ኢናላፕሪል ያሉት የግፊት ኪኒኖች ስኳር ያለባቸውንና በሽንታቸው ፕሮቲን የሚወጣ ሰዎችን ኩላሊት ከጉዳት ይከላከላሉ። እርግጥ ነው፣ እሱን የሚወስድ ሰው የኩላሊትና የፖታሲየም የደም ምርመራ በየጊዜው ያስፈልገዋል። ምርመራው ሲታዘዝላችሁ ለብር ማውጫ የተባለ አይምሰላችሁ።

ከዚህ ይልቅ መፍራት ያለባችሁ ለጉልበትና ለወገብ ያለ ማዘዣ የሚገዛውን ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ነው። ጨውና ውሃ በሰውነት ውስጥ እንዲቆይ ያደርጋሉ፣ ግፊት ይጨምራሉ። ከኢናላፕሪልና ሽንት ከሚያበዛው የግፊት ኪኒን ከሃይድሮክሎሮታያዛይድ ጋር ሲደመሩ ኩላሊቱን በእርግጥ ሊጎዱት ይችላሉ። ማስታገሻ ስትገዙ «የግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ» የሚለውን አስቀድሙ። ለብዙ ሰው ለአጭር ጊዜ ፓራሲታሞል የተሻለ ምርጫ ነው። አፍንጫ የሚከፍቱ የጉንፋን መድኃኒቶችም ግፊት ከፍ ከሚያደርጉት ውስጥ አሉ።

«ከኪኒኑ ጉዳት ካየሁ መተው ነው»

መተው ሳይሆን መንገር ነው። ኢናላፕሪል አንዳንዱን ሰው ደረቅ ሳል ያስይዘዋል። ሳሉ እንቅልፍ እስኪነሳ ድረስ ይታገሱና ከዚያ ኪኒኑን ይጥሉታል። ግን ሳል የማያመጣ ሌላ መድኃኒት አለ። አምሎዲፒን ቁርጭምጭሚት ሊያሳብጥ ይችላል፤ መጠኑን በመቀነስ ወይም በመቀየር ይስተካከላል። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ሽንት ስለሚያመላልስ ወደ አዲስ አበባ አውቶቡስ የሚሳፈር ሰው ያን ቀን ይዘለዋል። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው፣ ይገባኛል። አብዛኛው ሰው ግን ሲደርስ ሊወስደው ይችላል፤ ፋርማሲስታችሁን ጠይቁ።

ወንዶች በብዛት የሚደብቁት ደግሞ የመኝታ ቤት ጉዳይ ነው። አንዳንድ የግፊት መድኃኒቶች የወሲብ አቅምን ሊያዳክሙ ይችላሉ፤ ራሱ ግፊቱም ያዳክማል። ለሐኪም ለመናገር የሚያሳፍር ነገር የለውም። በሌላ መቀየር ይቻላል። በዚህ ምክንያት መድኃኒቱን ትቶ በስትሮክ አንድ ጎኑ የማይታዘዝለት ሰው ማየት ያሳዝናል።

አንድ ነገር ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። ኢናላፕሪል የሚወስድ ሰው ከንፈሩ፣ ምላሱ ወይም ፊቱ ካበጠ ወዲያው ሆስፒታል ይሂድ። እርጉዝ የሆነች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴትም ኢናላፕሪል ላይ ካለች ሳትዘገይ ትንገር፤ ፅንሱን ይጎዳል። በእርግዝና የሚሰጡ እንደ ሜቲልዶፓ ያሉ ሌሎች አሉ።

«ኪኒኑን ስለምወስድ እንደ ልቤ እበላለሁ»

ጨው የኪኒኑን ሥራ ያከሽፋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው። ይህ የወጡ፣ የሚጥሚጣው፣ የዳቦው ሁሉ ተደምሮ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም ማለት ነው። በእኛ አካባቢ ቡናው ውስጥም ጨው ጣል የሚደረግበት ቤት አለ። ሦስት ሲኒ በጠጣችሁ ቁጥር ያ ጨው ይቆጠራል። ቡናውን ተዉ አልልም፣ ጅማ ላይ ሆኜ እንዲህ ማለትም ይከብደኛል። ጨዉን ተዉት።

ጫት ላይ ግን ጠበቅ እላለሁ። በውስጡ ያለው ካቲኖን ግፊትንና የልብ ምትን ከፍ ያደርጋል። በርጫ ላይ የዋለ ሰው ምግቡንም፣ እንቅልፉንም፣ ኪኒኑንም ይረሳል። የምትቅሙ ከሆነ ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ መጠኑን የሚወስነው ያንን አውቆ መሆን አለበት። ነጭ ሽንኩርትና ሽፈራው ምግብ ናቸው፣ ብሉ። የኪኒኑን ቦታ ግን አይተኩም።

«ጾም ላይ ነኝ» እና «ጸበል ላይ ነኝ»

በረመዳን በቀን አንዴ የሚወሰደውን ኪኒን ወደ ኢፍጣር ወይም ወደ ሱሁር ማዛወር ብዙ ጊዜ ይቻላል። ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪም አማክሩ፤ በተለይ ሽንት የሚያበዛው ኪኒን ካለ። እስከ 9 ሰዓት የምትጾሙም እንዲሁ። በብሪታንያ ከ20 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉበት፣ በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ጠዋት በመውሰድና ማታ በመውሰድ መካከል ልዩነት አላገኘም። ዋናው በየቀኑ፣ በተመሳሳይ ሰዓት መውሰዱ ነው። ጸበል የምትጠመቁም ኪኒኑን ይዛችሁ ግቡ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

«እስከ ቀጠሮዬ እጠብቃለሁ»

ኪኒኑ ካለቀ ቀጠሮው ሁለት ሳምንት ቢቀረውም አትጠብቁ። ሳያልቅ ሄዳችሁ አሳድሱ። ዋጋው ከከበዳችሁ ተናገሩ፤ ረከስ ያለ አማራጭ ብዙ ጊዜ አለ።

«ግፊቴ ሲወጣ ሁለት እውጣለሁ»

የረሳችሁትን ኪኒን በዚያው ቀን ካስታወሳችሁ ውሰዱት። የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ ግን ያለፈውን ተዉት፣ ሁለቱን በአንዴ አትዋጡ። ግፊትን በድንገት ማውረድ ወደ አንጎል የሚሄደውን ደም ይቀንሳል። ኒፌዲፒን የሚባለውን የግፊት መድኃኒት ምላስ ሥር ማድረግም የቀረ፣ አደገኛ ልማድ ነው። ቁጥሩ ከፍ ብሎ ምንም ካልተሰማችሁ አረፍ ብላችሁ ድጋሚ ተለኩ፣ ካልወረደ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። ፊት ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ከዛለ፣ አንደበት ከተሳሰረ፣ ደረት ከጨመቀ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ዓይን ድንገት ከጨለመ ግን ሌሊትም ቢሆን በቅርብ ያለውን ሆስፒታል፣ ለምሳሌ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከልን፣ ድረሱበት። ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት ያዙ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ ከሚጠይቃችሁ አንዱ እሱ ነው።