ፕሮቲን የማይሠራ አርኤንኤ ምንድን ነው? በደም ካንሰርስ ምን አገባው?

ትምህርት ቤት የተማርነው ነገር ቀላል ነበር። መመሪያው ዲኤንኤ ላይ ተጽፏል፤ አርኤንኤ ይቀዳዋል፤ ከዚያ ፕሮቲን ይሠራበታል። አርኤንኤ መልእክተኛ ነው፣ አለቀ።

ነገሩ ግን እዚያ አላለቀም። ከዲኤንኤያችን የፕሮቲን መመሪያ የያዘው 2 በመቶ እንኳ አይሞላም። ከቀሪው ብዙው ወደ አርኤንኤ ይቀዳል፤ ግን ፕሮቲን አይወጣውም። ፕሮቲን የማይሠራ አርኤንኤ የምንለው ይሄንን ነው። ድሮ ለዚህ የዲኤንኤ ክፍል «ቆሻሻ» የሚል ስም ወጥቶለት ነበር። ችኮላ ነበር።

ዓይነቱ ብዙ ነው። አርኤንኤ የሚገጣጠምባቸውን የኬሚካል ቁራጮች ፊደል ብንላቸው፣ ከ200 ፊደል በላይ የሚረዝም አለ፣ እንደ ቀለበት የተጠቀለለም አለ። በደም ካንሰር ስሙ አብዝቶ የሚነሳው ግን ትንሹ፣ ወደ 22 ፊደል ብቻ ያለው ማይክሮአርኤንኤ ነው። ሥራው አፍ ማስያዝ ነው። ፊደሉ ከሚገጥምለት መልእክተኛ አርኤንኤ ጋር ይጣበቃል፤ መልእክቱ ወይ ሳይነበብ ይቀራል፣ ወይ ይበጣጠሳል።

ሲኤልኤል የሚባለውን፣ ቀስ እያለ የሚያድገውን የሊምፎሳይት (የአንድ ዓይነት ነጭ የደም ሴል) ሉኬሚያ፣ ማለትም የደም ካንሰር፣ እንይ። ከታማሚዎቹ ከግማሽ በሚበልጡት፣ ከ13ኛው ክሮሞዞም ላይ አንድ ቁራጭ ጠፍቶ ይገኛል። ተመራማሪዎች «ካንሰር የሚከለክል ጂን እዚህ ነበረ» ብለው ለዓመታት ፈለጉ። የፈለጉት ግን ፕሮቲን የሚሠራ ጂን ነበር። በ2002 ጆርጅ ካሊን፣ ካርሎ ክሮቼና ባልደረቦቻቸው የጠፋው ቦታ ላይ ሁለት ማይክሮአርኤንኤዎች አገኙ፤ 15 እና 16 የሚል ቁጥር የተሰጣቸውን።

እነዚህ ሁለቱ አፍ ከሚያስይዟቸው አንዱ ቢሲኤል-2 ነው። ቢሲኤል-2 ሴሉን እንዳይሞት የሚጠብቅ ፕሮቲን ነው። ጤነኛ የደም ሴል ቀኑ ሲደርስ ራሱን ያጠፋል። ተቆጣጣሪዎቹ ሲጠፉ ግን ቢሲኤል-2 ይበዛል፤ መሞት የነበረበት ሊምፎሳይት አልሞት ባይ ተጋዳይ ሆኖ ደሙንና መቅኒውን ያጨናንቃል። ሰው ካንሰር ሲባል በፍጥነት የሚባዛ ሴል ነው የሚታየው። እዚህ ግን ዋናው ችግር አለመሞቱ ነው። በ2016 አሜሪካ ውስጥ ለዚህ ሉኬሚያ የተፈቀደው ቬኔቶክላክስ የተባለው መድኃኒትም የሚመታው ይህንኑ ቢሲኤል-2ን ነው።

ታዲያ ማይክሮአርኤንኤ ሁሉ ካንሰር ተከላካይ ነው? አይደለም። 155 ቁጥር ያለው በአንዳንድ ሊምፎማዎች (ከሊምፎሳይት በሚነሱ ካንሰሮች) ላይ ከልክ በላይ በዝቶ ይገኛል። ቢ በሚባሉት የደም ሴሎቻቸው ውስጥ ይኸው 155 እንዲበዛ የተደረጉ አይጦችም የደም ካንሰር ይዟቸዋል።

«ከጎደለ እንተካው፣ ከበዛ እናፍነው» ማለት ይቀላል። አንዱ ማይክሮአርኤንኤ ግን የብዙ ጂኖችን አፍ ነው የሚይዘው፤ አንዱን ነካሁ ሲሉ ሌላው አብሮ ይነካል። 34 ቁጥር ያለውን ተክቶ እንዲሠራ የተዘጋጀ መድኃኒት በሰው ላይ ሲሞከር ከባድ የበሽታ መከላከል ቀውስ አስነሳ። ሙከራው በ2016 ተቋረጠ።