ሁለት ባቡር በአንድ ሐዲድ፦ ስለ ሞዴል ባቡር ሽቦ የሚነገሩ ስህተቶች

ሞዴል ባቡር የጀመረ ሰው መጀመሪያ የሚገዛው አንድ ክብ ሐዲድ፣ አንድ ባቡርና አንድ መቆጣጠሪያ ነው። ሁለት ሽቦ ያገናኛል፣ ይሄዳል። ከዚያ ሁለተኛ ባቡር ያምረዋል። ጣጣው የሚመጣው ያኔ ነው። እኔም ያገኘሁትን ምክር ሁሉ እየሰማሁ ሁለት ክረምት አቃጥያለሁ። ከምክሮቹ የማይሆኑት እነዚህ ናቸው።

«ለሁለት ባቡር ሁለት መቆጣጠሪያ ግዛ»

ግማሹ እውነት ነው። በድሮው የዲሲ (የቀጥተኛ ኤሌክትሪክ) አሠራር ሐዲዱ ላይ የሚለቀቀው ከ0 እስከ 12 ቮልት ገደማ ነው። ቮልቱ ሲጨምር ባቡሩ ይፈጥናል፤ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ሲገላበጥ ወደ ኋላ ይሄዳል። የምትቆጣጠሩት ሐዲዱን ነው እንጂ ባቡሩን አይደለም። ስለዚህ ሁለት ባቡር ብታስቀምጡ አብረው ይነሳሉ፣ አብረው ይቆማሉ። እዚያው ሐዲድ ላይ ሁለተኛ መቆጣጠሪያ ብትጨምሩ ደግሞ ሁለቱ መቆጣጠሪያዎች እርስ በርስ ይጣላሉ።

መፍትሔው መጋዝ ነው። ሐዲዱን በቀጭኑ እየቆረጣችሁ በክፍል በክፍል ትለያላችሁ። ለእያንዳንዱ ክፍል ኃይሉን ከአንደኛው መቆጣጠሪያ ወይም ከሁለተኛው እንዲያገኝ፣ አለዚያም ከየትኛውም እንዳያገኝ የሚያደርግ ማብሪያ ታስገባላችሁ። ባቡሩ ከክፍል ክፍል ሲሻገር እናንተም ማብሪያ እያገላበጣችሁ ትከተሉታላችሁ። ይሠራል። ግን እውነቱን ለመናገር የምትነዱት ማብሪያውን ነው።

«ዲሲሲ ከሆነ ሁለት ሽቦ ይበቃል»

እኔን የበላኝ ይሄ ነው። ዲሲሲ ከጀርመኑ የሌንዝ ኩባንያ አሠራር ተነስቶ የመጣ ዲጂታል ዘዴ ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የአሜሪካው የሞዴል ባቡር ማኅበር ኤንኤምአርኤ መስፈርት አደረገው። ሐዲዱ ላይ ሁልጊዜ ሙሉ ኃይል አለ፤ ትእዛዙም በዚያው ላይ ይላካል። የአዲስ አበባን ቀላል ባቡር ያየ ሰው ቶሎ ይገባዋል፦ ከላይ ያለው ሽቦ ለሁሉም 750 ቮልት ያቀብላል፣ ፍጥነቱን የሚወስነው ግን እያንዳንዱ ሹፌር ነው። እዚህ ሹፌሩ ባቡሩ ውስጥ ያለው ዲኮደር፣ ማለትም ትእዛዙን ተቀብሎ ሞተሩን የሚነዳው ትንሽ ካርድ ነው። የራሱ ቁጥርም አለው። ከፋብሪካ ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ 3 ስለሆነ፣ ቁጥሩን ሳትቀይሩ ሁለት አዲስ ባቡር ብታስነሱ «3» ሲባል ሁለቱም «አቤት» ይላሉ።

ወደ ሽቦው ልመለስ። የእኔ ባቡር ጠረጴዛው መጨረሻ ላይ ሲደርስ መብራቱ ይደበዝዛል፣ ይንቀረፈፋል፣ የሞተሩ ድምፅ ይጠፋና እንደገና ይነሳል። ጎማውን ጠረግኩ። ዲኮደሩን ቀየርኩ፤ ገንዘቤን ውሃ በላው። በመጨረሻ ባቡሩ እየሄደ በቴስተር ስለካ መቆጣጠሪያው አጠገብ 14 ቮልት ተኩል፣ ጥግ ላይ 11 አነበብኩ። ጥፋተኛው ሐዲድ ከሐዲድ የምታያይዘው ትንሿ ብረት ነበረች። ቀን ሲያልፍ ትላላለች፣ ትዝጋለች። ሐዲዱ ራሱም ኒኬል ሲልቨር ይባላል እንጂ ብር የለበትም፤ መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ ነው። ኤሌክትሪክ በማስተላለፍ ከንጹህ መዳብ በብዙ እጥፍ ያንሳል።

ስለዚህ ከጠረጴዛው ሥር ወፍራም ሽቦ ይዘረጋል፤ ለቤት ሶኬት የምንጠቀመው 2.5 ሽቦ ይሆናል። ከእሱ ላይ ቀጫጭን ሽቦዎች እየቀጠላችሁ በየሜትሩ ወደ ሐዲዱ ታወጡና ትበይዳላችሁ። አንደኛውን ቀይ፣ ሌላውን ጥቁር አድርጉ። ግራና ቀኙን አንድ ቦታ ላይ ብቻ ብታምታቱ ሁሉም ይቆማል።

«አምፔሩ በበዛ ቁጥር ጥሩ ነው»

ኤችኦ በሚባለው የተለመደ መጠን የተሠራ አንድ ዘመናዊ ባቡር አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ አምፔር በታች ነው የሚወስደው። መቆጣጠሪያው የሚሰጠው 5 አምፔር በ15 ቮልት ግን 75 ዋት ነው። ይህ ሁሉ ሾርት ባደረገች አንዲት ጎማ በኩል ሲያልፍ ፕላስቲክ ያቀልጣል። ሽቦው ካለቀ በኋላ ሐዲዱ ላይ በየቦታው ሳንቲም አጋድሙ። መቆጣጠሪያው ወዲያው ራሱን ካላጠፋ፣ እዚያ ቦታ ያለው ሽቦ ቀጭን ነው ወይም መጋጠሚያው ልል ነው።

ባቡሩ ዞሮ በመጣበት እንዲመለስ የሚያደርገው ቀለበትም በዲጂታል መፍትሔ ያገኘ የሚመስላቸው አሉ። አላገኘም። የግራው ሐዲድ ዞሮ ከቀኙ ጋር ይገናኛል፣ ሾርት ያደርጋል። በቀለበቱ ሁለት ጫፍ ሁለቱንም ሐዲድ ትቆርጡና መሀሉን ዋልታውን (ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን) በሚያገላብጥ ካርድ በኩል ትመግቡታላችሁ። መሀሉ ከረጅሙ ባቡራችሁ መብለጥ አለበት። የባቡሩን አቅጣጫ የሚወስነው ዲኮደሩ ስለሆነ፣ ዋልታው ሲገላበጥ ባቡሩ ሳይቆም ያልፋል። ከዚህ ጣጣ ነፃ የሆኑት እንደ ጀርመኑ ማርክሊን ኩባንያ ባቡሮች በሁለቱ ሐዲዶች መሀል ሌላ የኤሌክትሪክ መስመር ያላቸው ናቸው፤ ሁለቱ ሐዲዶቻቸው አንድ ዋልታ ናቸው።

«ዲጂታል ባቡር አይጋጭም»

ይጋጫል እንጂ! የእኔ ዕቃ ጫኝ ዋሻ ውስጥ የቆመውን የመንገደኛ ባቡር ከኋላው ገጭቶታል። ዲኮደሩ ትእዛዝ ይቀበላል እንጂ ከፊቱ ማን እንዳለ አያውቅም። እንዲታወቅ ከተፈለገ ሐዲዱ በክፍል ተቆርጦ በእያንዳንዱ ክፍል ባቡር መኖሩን የሚያሳብቅ መሣሪያ ይገባል። መጋዙን ጥዬው ነበር፤ ሌላ ገዛሁ።