«ደሙን አይቻለሁ»፦ ስለማይረሱ የፊልም ትዕይንቶች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባለፈው እሁድ ሐዋሳ ፍቅር ሐይቅ ዳር ቁጭ ብለን ከእህቴ ጋር ተከራከርን። ነገሩ ስለ «ባምቢ» ነው፤ ልጆች ሳለን ጎረቤት ቤት በካሴት ስላየነው የአጋዘን ግልገል ካርቱን። «እናቱ ስትመታ ደሙ በረዶው ላይ ሲፈስ አይቻለሁ፤ እምላለሁ!» አለች። ስልኳን አውጥታ ፈለገችው። አገኘነው። ደም የለም። እናትየዋ ስትወድቅ እንኳን አይታይም።

ብዙዎቻችን የእህቴን ዓይነት እምነት ይዘን እንኖራለን። ደጋግሜ የምሰማቸውን ልንገራችሁ።

«የማንረሳው አስደንጋጩን ነገር ስላሳዩን ነው»

እ.ኤ.አ. በ1942 የወጣው «ባምቢ» የሚያሰማን ተኩስ ብቻ ነው። ግልገሉ ሮጦ መደበቂያቸው ይደርሳል። «ደረስን» ብሎ በደስታ ዞር ሲል እናቱ የለችም። በረዶ መውረድ ይጀምራል። እየዞረ ይጠራታል። በቃ፣ ይኸው ነው። ደሙን የሳለችው እህቴ ራሷ ናት፤ ስለሳለችውም ነው ይህን ሁሉ ዓመት አብሯት የኖረው።

እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣው አስፈሪ ፊልም «ሳይኮ» ውስጥ ያለው የመታጠቢያ ቤት ግድያም እንደዚያው ነው። ቢላዋው ገላ ውስጥ ሲገባ አያችሁ ወይ ብትባሉ አዎ ትላላችሁ። በፍጥነት የሚቀያየሩት ቁርጥራጭ ምስሎች ናቸው እንደዚያ ያሰኟችሁ። ደም የመሰለውም የቸኮሌት ሽሮፕ ነው።

«ተዋናዩ ካለቀሰ ተመልካቹም ያለቅሳል»

ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ሌቭ ኩሌሾቭ የሚባል ሩሲያዊ የፊልም ሰው አንድ ሙከራ አደረገ። ምንም የማይነበብበትን የአንድ ተዋናይ ፊት ወሰደ። ያንኑ ፊት አንዴ ከሾርባ ሳህን፣ አንዴ ከሬሳ ሣጥን፣ አንዴ ደግሞ ከአንዲት ሴት ምስል ጋር አያያዘው። እንደሚተረከው ተመልካቹ ረሃቡን፣ ሐዘኑን፣ ፍላጎቱን እንዴት አድርጎ ተወነው ብሎ አደነቀ። ፊቱ ግን አልተለወጠም። ሐዘኑን ያመጡት ተመልካቾቹ ናቸው።

በእኛ ፊልሞች ላይ ይህ ነገር በጣም ይቆጨኛል። ልጅቷን ገና ሳንለምዳት ታለቅሳለች። ሙዚቃው ከፍ ይላል፣ ካሜራው ይጠጋል፣ እንባው ይወርዳል። እሷ ሁሉንም አልቅሳ ከጨረሰች ለእኛ ምን ቀረልን? እንባዋን የምትውጥ ተዋናይ ናት እኔን የምታስለቅሰኝ።

«ዋናው ሙዚቃው ነው»

ይሄኛው ግማሽ እውነት አለው። የ«ሳይኮ» ዳይሬክተር ሂችኮክ ያ ትዕይንት ያለ ሙዚቃ እንዲሆን ነበር የፈለገው። አቀናባሪው በርናርድ ኸርማን ግን የሚጮኹትን ቫዮሊኖች ጽፎ አሰማው፤ ሐሳቡንም አስቀየረው። ስለዚህ ሙዚቃ ኃይል አለው። ያልተዘጋጀን ሰው ግን አያስለቅስም።

«መጨረሻውን ከነገርከኝ ፊልሙ ሞተ»

«ታይታኒክን» ለማየት ቪዲዮ ቤት ስንጋፋ መርከቡ እንደሚሰምጥ የማያውቅ ማን ነበር? እንደሚሰምጥ እያወቅን እንኳን ደግመን ገብተን አለቀስን። የህንድ ፊልሙንም አምስቴ አይተን አምስቴም እዚያው ቦታ ላይ ነበር ጉሮሯችን የሚታነቀው። እ.ኤ.አ. በ2011 ሳን ዲዬጎ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ጥናትም በአጫጭር ልብወለዶች ላይ ተመሳሳይ ነገር አግኝቷል፦ መጨረሻው አስቀድሞ የተነገራቸው አንባቢዎች ታሪኩን ይበልጥ ወደዱት።

«አልቅሺ፣ ይውጣልሽ»

እናቶቻችን የሚሉት ነው፤ ልክም ናቸው። ግን ወዲያው አይወጣም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የኔዘርላንዱ ቲልበርግ ዩኒቨርሲቲ ጥናት 60 ሰዎችን አሳዛኝ ፊልም አሳየ። ያለቀሱት 28ቱ ፊልሙ እንዳለቀ ስሜታቸው ይበልጥ ወርዶ ነበር። ከ20 ደቂቃ በኋላ ወደነበረበት ተመለሰ። ከ90 ደቂቃ በኋላ ግን ፊልሙን ከማየታቸው በፊት ከነበረው ተሻለ። እንግዲህ ከሲኒማ ስትወጡ ልባችሁ ከከበደ፣ ባጃጅ ከመጥራታችሁ በፊት ሐይቁ ዳር ትንሽ ተራመዱ።

«እንዲህ ያለውን የሚችሉት ፈረንጆች ናቸው»

ይህን ስሰማ ያመኛል። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 ከቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ሽልማት ይዞ ተመልሷል። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ዓለም «ላምብ» በሚል ርዕስ ያወቀው የያሬድ ዘለቀ ፊልም ፈረንሳይ፣ ካን የፊልም ፌስቲቫል ደረሰ። ኤፍሬም እናቱ የሞተችበት ልጅ ነው። አባቱ ሥራ ፍለጋ ሲሄድ ዘመድ ጋ ይተወዋል። የቀረችው ቹኒ የምትባል በጉ ናት። አጎትየው ደግሞ ለበዓል ትታረድ ይላል።

ይህን ለሌላ አገር ሰው ማስረዳት ይቻላል። ለእኛ ግን ማስረዳት አያስፈልግም። ታቦር ተራራ ሥር በነበረው ግቢያችን ታናሽ ወንድሜ ለፋሲካ ለተገዛ በግ ስም አውጥቶለት ነበር። ሌሊት ሲታረድ ተኝቷል። ጠዋት ሁላችንም ገበታ ላይ ነበርን። እሱ ገመዱን እጁ ላይ ጠምጥሞ፣ ወጡን ሳይነካ፣ ዳቦውን ብቻ ደረቁን በላ።