የወፍ ጎጆ የመትረፍ ዕድል፦ ከጎደለ መረጃ እንዴት ይሰላል?

አንድ የወፍ ጎጆ እንቁላል ከተጣለበት ቀን አንስቶ እስኪሳካ፣ ማለትም ቢያንስ አንድ ጫጩት ከጎጆው እስኪወጣ ድረስ ሳይጠፋ የመቆየት ዕድሉ ስንት ነው? የተሳኩትን ለተገኙት ማካፈል ይበቃ ይመስላል። አይበቃም። ጎጆ የሚገኘው ዘግይቶ ነዋ።

ወሎን እንውሰድ። በቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ በጓሳ ሣርና በአስታ ቁጥቋጦ መካከል ቆቅ መሬት ላይ ጎጆ ሠርታ ትጥላለች። አጥኚው ሲደርስ ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት አውሬ የበላቸው ጎጆዎች የሉም። መዝገብ ላይም አይገቡም። የተረፉት ብቻ ስለሚቆጠሩ ውጤቱ ከእውነታው በላይ ያማረ ይሆናል። በዚያ ላይ የደጋው ጉም፣ የክረምቱ ጭቃና ገደሉ በየቀኑ አያስኬዱም።

መላውን በ1961 (እ.ኤ.አ.) ያመጣው አሜሪካዊው ሃሮልድ ሜይፊልድ ነው። የወፍ ጥናት እንጀራው አልነበረም፤ ፍቅሩ ግን ነበር። ጎጆውን ሳይሆን ጎጆው በክትትል ስር የቆየበትን ቀን ቁጠሩ አለ። ለምሳሌ 20 ጎጆዎች በድምሩ ለ200 ቀን ታዩ፣ 10 ጠፉ እንበል። የአንድ ቀን የመጥፋት ዕድል 10 ለ200፣ ማለትም 0.05 ነው። የመትረፉ 0.95 ይሆናል። ጎጆው ለመሳካት 25 ቀን የሚፈልግ ከሆነ 0.95 በራሱ 25 ጊዜ ይባዛል፤ 28 በመቶ ገደማ ይመጣል። በተራው ስሌት ግን 50 በመቶ ነበር። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም! አንድን ዝርያ «ደህና ነው» ብሎ መተውና መጠበቅ ሊለያዩ የሚችሉት እዚህ ላይ ነው።

ሰኞ ደህና የነበረ ጎጆ ዓርብ ባዶ ቢገኝ መቼ ጠፋ? ሜይፊልድ መሃሉን፣ ረቡዕን ያዘ። በ1979 ተመራማሪው ዳግላስ ጆንሰን ይህን ግምት የማይጠይቅ ስሌት አቀረበ፤ የጠፋበት ቀን ባይታወቅም ለተገኘው መረጃ ይበልጥ የሚስማማውን የዕለት ዕድል ይፈልጋል። በ2002 የተመራማሪዎቹ የእነ ዲንስሞር፣ በ2004 ደግሞ የሻፈር ሞዴሎች (የስሌት ቀመሮች) የዕለቱ ዕድል ከጎጆው ዕድሜ፣ ከዝናብ ወይም ከሣሩ ቁመት ጋር እንዲለዋወጥ ፈቀዱ። በልግና ክረምት ላላት፣ ከብት ለሚሰማራባት ወሎ የሚስማሙት እነዚህ ናቸው።

ሞዴሉ የማይፈታው አንድ ነገር አለ። የቆቅ ጫጩቶች እንደተፈለፈሉ ብዙም ሳይቆዩ እናታቸውን ተከትለው ይሄዳሉ። ስለዚህ ባዶ ጎጆ ተበላ ማለት ላይሆን ይችላል። የቅርፊቱ አሰባበር በደንብ መታየት አለበት። ጎጆው ደህና ሆኖ የታየበት ጉብኝትም ቀኑ ይጻፍ፤ ስሌቱ የሚቆመው በእነዚያ ቀኖች ነው። ምልልሱ ግን አይብዛ፤ የሰው ዱካ አውሬን ወደ ጎጆው ሊመራ ይችላል።