ብየዳ የሚሠራልን ሰው ሠራተኛችን ነው?

ደብረ ብርሃን ላይ ፋብሪካ ሲበዛ አንድ ክርክርም አብሮ በዛ። በየጊዜው እየተጠራ የሚበይደው ባለሙያ ሠራተኛ ነው ወይስ ራሱን የቻለ ተቋራጭ?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መነሻ ይሰጣል። በአሠሪ እየተመራ በደመወዝ የሚሠራ ሠራተኛ ነው። በራሱ የንግድ ሥራ ወይም የሙያ ኃላፊነት፣ ዋጋ እየተከፈለው የሚሠራውን ግን አዋጁ አይመለከተውም።

ስለዚህ ውሉ ላይ የተጻፈው ስም ብቻ አይበቃም። ሥራውን የሚመራው ማን ነው? መሣሪያው የማን ነው? ሥራው ቢበላሽ ኪሳራው በማን ላይ ይወድቃል? ጠዋት 2 ሰዓት ግባ እየተባለ፣ ለመቅረት ፈቃድ የሚጠይቅን ሰው «ተቋራጭ ነው» ማለት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቀልድ ነው።

ልዩነቱ ኪስ ይነካል። ሠራተኛ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ አለው። ለጡረታውም አሠሪው 11 በመቶ፣ እሱ 7 በመቶ ያዋጣሉ። ተቋራጭ ይህ ሁሉ የለውም። ዋጋ ሲነጋገር አስልቶ መጨመር አለበት፤ ብዙዎች ግን ይረሱታል።

ጥሩ ባለሙያ እንዳይሸሸው የሚፈልግ ድርጅትም በሰዓት ፊርማ አያስረው። የሥራውን ወሰን በጽሑፍ ይስጠው፣ በቀኑ ይክፈለው፣ ቀጣዩን ሥራ አስቀድሞ ይንገረው። ለክፍያ «ነገ ና» እየተባለ የሚመላለስ ሰው ሸዋ ሮቢት ሥራ ካገኘ አይመለስም።